አራስ ቤት የሚገባ እንግዳ

የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለሁ በአንድ ቁምስና ትምህርተ ክርስቶስ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ፣ ትዳር መሥርቶና ሦስት ልጆች ወልዶ በአሜሪካን አገር በሲያትል ከተማ ይኖራል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውልልኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አካባቢ የደወለልኝ ግን እንደ ወትሮው ደኅንነቴን ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። «አባ፣ አንድ የኅሊና ጥያቄ አለኝ» አለ። ነገሩን ሲያስረዳኝ በመጀመሪያ የኅሊና ጥያቄ መሆኑ አልታየኝም። እርሱ በሌሊት፣ ሚስቱ በቀን ፈረቃ ስለሚሠሩ ቤተሰቡ ባንድ ማዕድ የሚቀመጥበት ቀን ጥቂት ነው። በሚመጣው ፌብሩዋሪ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ባልና ሚስቱም ከብዙ ልመና በኋላ ፈቃዳቸውን በዚያው ሳምንት አግኝተዋል። ሁለተኛይቱ ልጅ በትምህርት ቤት የዓሣ ነባሪ ዜማ በድምፅ ተቀርጾ ሰምታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ባጠራቀሙት ገንዘብ፣ ከሲያትል ስድስት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ወደሚያስኬደው ወደ ሃዋይ፣ ማዊ ወደምትባለው ደሴት ሊሄዱ አስበዋል፤ ወሩ ዓሣ ነባሪዎች ወደዚያ ባሕር የሚመጡበት ወር ነውና።

«ታዲያ ምኑ ነው ኅሊናህን ያስጨነቀው?» አልኩት።

«እማዬ ናት» አለኝ። እናቱ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። የጉዞውን ወሬ ከዘመድ ሰምተው በስልክ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ዓሣ ለማየት ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው እኔን ለማየት መንገድ ጠፋበት?» ልጃቸው ወደ አገሩ ከመጣ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እኔን አላረካኝም፤ እርሱንም ያረካው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩን እያሰላሰልኩ፣ ስለ ደሴቲቱና ስለ ዓሣ ነባሪዎቹም የተጻፈውን እያነበብኩ ስሄድ ጥያቄው መጀመሪያ ከመሰለኝ ይልቅ ሰፍቶ አገኘሁት። አንድ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲነሣ ለማን ምን ዕዳ አለበት? ትቶት ለሚሄደው ሰው፣ አብሮት ለሚሄደው፣ ሄዶ ለሚያየውስ? ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን ውቅያኖስን በዓይኑ ያየ ጥቂት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ከልጆቻችንና ከወንድሞቻችን መካከል ግን ስንቱ በባሕር ማዶ እንዲህ ካለው ጥያቄ ጋር እንደሚኖር እናንተም ታውቃላችሁ።

አስቀድሞ ስለ ዕረፍት ጥቂት ልበል። በእኛ ዘንድ የሥራ መብዛት እንደ መልካም ጠባይ ማስረጃ፣ ማረፍ ደግሞ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ባለጠጋ ቅንጦት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። (ካህናትና ካቴኪስቶችም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ «ፋታ የለኝም» ማለትን እንደ መዓርግ ለብሰነው እንታያለን።) ቅዱስ ቶማስ አኩይናስ ግን ሥጋ ሲደክም ዕረፍት እንደሚያሻው ሁሉ ነፍስም እንደምትደክም፣ የእርስዋም ዕረፍት ደስታ እንደ ሆነ አስተምሯል፤ ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ የሚቆይ ቀስት እንደሚሰበር የሚናገረውንም የቀደሙ አባቶች ምሳሌ ለዚህ ያመጣዋል። ጨዋታና ዕረፍት ልካቸውን ጠብቀው ሲገኙ ከበጎ ምግባር እንደሚቆጠሩ የሚያስረዳው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ24ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም ሰው የዕረፍትና ደመወዝ የሚከፈልበት የፈቃድ ጊዜ መብት እንዳለው አስፍሯል። ስለዚህ ሌሊትና ቀን የሚፈራረቁ ባልና ሚስት አንድ ሳምንት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ለመዋልና ለማደር መፈለጋቸው ይቅርታ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

የሚያቆየኝ ዕቅዱ ነው። የዕረፍት ዕቅድ ተራ የወጪ ስሌት ይመስላል፦ መቼ እንሂድ? የት እንደር? በየትኛው ጀልባ እንሳፈር? ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ሌላ ወገን ቆሟል። «መቼ» የሚለውን ብቻ እንውሰድ።

ወደ ሃዋይ የሚመጣው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ሃምፕባክ ይባላል፤ ስሙ የጀርባውን ጎበጥ ማለት የሚያመለክት ነው። (በቋንቋችን ዓሣ እንለዋለን እንጂ ዓሣ አይደለም፤ በሳንባው አየር የሚተነፍስ፣ ወልዶም የሚያጠባ እንስሳ ነው።) አድጎ ሲጨርስ ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሜትር፣ ክብደቱም እስከ 40 ቶን ይደርሳል። የሰሜኑ የምድር ክፍል በሚሞቅባቸው ወራት በአላስካ ባሕር ትናንሽ ዓሦችንና ክሪል የሚባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት እየተመገበ ስብ ያከማቻል። ብርዱ ሲመጣ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ሃዋይ ሞቃት ውሃ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ በኖቬምበር ይደርሳሉ፤ እጅግ የሚበዙት ከጃንዋሪ እኩሌታ እስከ ማርች መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው። የሚመጡት ለመጋባትና ለመውለድ ነው። በተለይ በማዊ፣ በሞሎካይ፣ በላናይና በካሆኦላዌ ደሴቶች መካከል ያለው ጥልቀቱ አነስ ያለ ባሕር ለእናቶችና ለግልገሎች የሚመች መጠለያ ነው። ነፍሰ ጡሯ አሥራ አንድ ወር ያህል ከተሸከመች በኋላ 4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ግልገል ትገላገላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቤን ነካው። በዚያ ሞቃት ባሕር ለእርስዋ የሚሆን ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናቲቱ ለወራት ሳትበላ፣ ከአላስካ ይዛው ከመጣችው ስብ ብቻ እየቀነሰች ግልገሏን ታጠባለች። ግልገሉ ሲጠነክር ያን ሁሉ መንገድ አብራው ወደ ሰሜን ትመለሳለች፤ በልታ የምትጠግበው እዚያ ስትደርስ ነው።

እንግዲህ የጉዞ ወኪሎች «የዓሣ ነባሪ መመልከቻ ወቅት» የሚሉት ጊዜ ከእርስዋ ወገን ሆኖ ለሚያየው የአራስነት ወቅት ነው። ያ ቤተሰብ ሳያውቀው የተሰናዳው አራስ ለመጠየቅ ነበር።

አራስ መጠየቅ ደግሞ እኛ አሳምረን የምናውቀው ነገር ነው። አራስ ቤት የሚገባ ሰው በር ላይ ቆም ይላል። ከመንገድ የመጣ ሰው ዐረፍ ሳይል ወደ ጓዳ አይዘልቅም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ገንፎውን ይቀምሳል፤ ብዙ ሳይቆይም ተነሥቶ ይወጣል። ሕፃኑን ካልገለጣችሁልኝ ብሎ ግድ አይልም። አያቶቻችን ሕፃኑን የሚሸፍኑት ቡዳ ፈርተው መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን እምነት በስብከቴ ስቃወመው ኖሬአለሁ፣ ዛሬም እቃወመዋለሁ። ሆኖም ከመሸፈኛው ጨርቅ በስተጀርባ አንድ እውነት እንደ ነበረ እየቆየሁ ተረድቻለሁ። አዲስ የተወለደ ፍጥረት የመንገደኛ ሁሉ ዓይን መጥገቢያ እንዲሆን አልተሰጠም።

የሃዋይ ባሕር ሕግም በራሱ ቋንቋ ይህንኑ ይላል። በዚያ ማንም ሰው በሞተር ጀልባም ሆነ በሚቀዘፍ ታንኳ፣ እየዋኘም ቢሆን፣ ወደ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ከ91 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት መቅረብ አይፈቀድለትም። የምትሄድበትን አቅጣጫ ገምቶ ቀድሞ በመንገዷ ላይ መቆምም ክልክል ነው፤ «እኔ አልቀረብኳትም፣ እርስዋ ወደ እኔ መጣች» ለሚል ሰው በር እንዳይከፈት። ለግልገሉ ሲባል ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ትልቁ ዓሣ ነባሪ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ በጥልቁ ሲቆይ፣ ግልገሉ ግን በየሦስትና በየአምስት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ማለት አለበት፤ ትንሽም ስለ ሆነ የሚፈጥን ጀልባ ሳያየው ሊገጨው ይችላል። ደጋግመው የሚያውኳት እናትም ለመሽሽ የምታወጣው ጉልበት የሚቀነሰው ከዚያው ከማይተካው ስብ ላይ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከግልገሉ ወተት ላይ ነው።

ስለዚህ ጀልባ የሚመርጥ ቤተሰብ ስለ ዋጋውና ስለ ወንበሩ ምቾት እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቅ መልካም ነው። ሞተሩን ያበርዳል? ይጠብቃል? ወይስ ያሳድዳል? ጠዋት ነፋሱ ቀለል ስለሚል ለልጆችም ለባሕሩም ጠዋት ይሻላል ይባላል። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ጀልባ የማያስፈልገው ነገር መኖሩ ነው። በዚያ ወቅት በማዊ ዳርቻ ጆሮውን ውሃ ውስጥ የነከረ ዋናተኛ የዓሣ ነባሪዎቹን ዜማ ከሩቅ ሊሰማ ይችላል። የሚያዜሙት ወንዶቹ ናቸው፤ በአንድ አካባቢ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ዜማ ይዘው፣ ዜማቸውን ከዓመት ዓመት ጥቂት በጥቂት ይለውጡታል። ይህ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1970 በሸክላ ታትሞ ሲወጣ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የዜማውን ሥርዓት በጽሑፍ ሲያስረዱ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ ከዘይቱ በቀር ምንም አስቦ የማያውቅ ብዙ ሰው ልቡ ተነክቶ ነበር። ከዚህም ሌላ ከመንገድ ዳር ካለ ከፍታ ላይ ሆኖ በመነጽር ማየት ይቻላል። በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች የመጨረሻ ቅዳሜዎች በጎ ፈቃደኞች በየደሴቱ ዳርቻ ተቀምጠው ዓሣ ነባሪዎችን የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። አራሷን ከደጅ ሆኖ እንደ መጠየቅ ነው።

ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ግን ዕረፍት ነሣኝ። ብዙ የጀልባ ድርጅቶች፣ ዓሣ ነባሪ ሳያይ የተመለሰ መንገደኛ ሌላ ጊዜ ያለ ክፍያ እንደሚሳፈር ዋስትና ይሰጣሉ። ለንግድ ይህ ታማኝነት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በእኛ አገር ዋስ የሚጠራ ሰው ዋሱን ያውቀዋል፤ ዋሱም «እሺ» ብሎ ነው የሚገባው። ለዓሣ ነባሪይቱ መምጣት ዋስ የሆነው ማን ነው? እርስዋስ መቼ ተጠየቀች? ገንዘብ ከፍሎ ዋስትና የተቀበለ ሰው ያላየ እንደ ሆነ የተበደለ ይመስለዋል። የተበደለ የመሰለው ሰው ደግሞ ካፒቴኑን «እስቲ ጥቂት ጠጋ በል» ይለዋል፤ ካፒቴኑም ነገ ሌላ ደንበኛ ያስፈልገዋል። ሕግ የሚጣሰው እንዲህ በቀስታ፣ ክፋት ባላሰቡ ሰዎች እጅ ነው። ይህን የምናገረው ከፍ ብዬ ተቀምጬ አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ ለማየት በጀልባ ከተሳፈሩ ሰዎች ጋር ሳለሁ፣ ግልገል የያዘች ጉማሬ ስትታይ ጀልባ ነጂውን «ቅረብ፣ ቅረብ» እያሉ ያጣደፉት አብረውኝ የነበሩት ናቸው፤ እኔም ፎቶግራፉን ስለ ፈለግሁት ዝም አልኩ።

የማዊ ዓሣ ነባሪዎች ሰውን የሚሸሹበት ምክንያት ነበራቸው። በደሴቲቱ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ላሃይና በ1840ዎቹ በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠሩ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉባት ወደብ ነበረች። የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ፋኖስ የሚበራው በዓሣ ነባሪ ዘይት ነበርና። በ20ኛው መቶ ዘመን አደኑ በሞተር መርከብ ሲሆን የሰሜን ፓሲፊክ ሃምፕባኮች እጅግ ተመናመኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንግድ ማደኑ በዓለም አቀፍ ውሳኔ ሲከለከል የቀሩት ከሁለት ሺህ እንደማይበልጡ ይገመታል። በ1992 የአሜሪካ ምክር ቤት በሃዋይ ዙሪያ ያለውን ባሕር ለእነርሱ ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ በ2016 ወደ ሃዋይ የሚመጣው ወገን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ዝርዝር ወጣ። ሰው አንድን ነገር ተወት በማድረጉ ብቻ እንዲህ ያለ ፍሬ ሲገኝ ማየት ያልተለመደ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የሰሜን ፓሲፊክ ውሃ ከልክ በላይ ሞቆ የዓሣ ነባሪዎቹ ምግብ ተመናመነ። በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው በ2012 ወደ 33 ሺህ ደርሰው የነበሩት የሰሜን ፓሲፊክ ሃምፕባኮች በ2021 ከ27 ሺህ በታች ሆኑ፤ ወደ ሃዋይ የሚመጡት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ቀነሱ። እንዲህ ያለውን የባሕር ሙቀት የአየር ንብረት ለውጥ እያዘወተረው መሆኑን ሳይንቲስቶች ይናገራሉ። ታዲያ አራሷን ለመጠየቅ የሚወስደን አውሮፕላን ጭሱ ከምግቧ ላይ ይቀንስባታል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ለዚያ ሰው «አትሂድ» ልለው ዳድቶኝ ነበር። ከዚያም በዚሁ ሚዛን ቢለካ በዘመናችን የማይነቀፍ መንገደኛ እንደማይኖር፣ ወደ እናቱ የሚመጣበትም አውሮፕላን እንደዚያው እንደሚያጨስ አስታወስሁ። የማምንበት ይህን ያህል ነው፦ እንዲህ ያለው ጉዞ በየዓመቱ እንደ ልማድ የሚደረግ ሳይሆን በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ታስቦበትና ተጠብቆ የሚደረግ ቢሆን ይሻላል። ሁለት ዓመት ያጠራቀመ ቤተሰብ ይህን ሳይነገረው ፈጽሞታል።

ደሴቲቱ አራስ ቤት ብቻ አይደለችም፤ ለቅሶ ቤትም ናት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2023 በነፋስ የተገፋ እሳት ያችን ጥንታዊቱን ላሃይናን አወደማት። 102 ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከሁለት ወር በኋላ የአገሩ መንግሥት ምዕራብ ማዊን ለጎብኚዎች መክፈት ሲጀምር በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች «ገና ነው፣ ሐዘናችንን አልጨረስንም» ሲሉ አቤቱታ ፈረሙ። ሌሎች ነዋሪዎች ደግሞ ጎብኚ ካልመጣ ደመወዝ እንደሌላቸው ተናገሩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በሆቴል ክፍሎች ተጠግተው ሳለ በዚያው ሆቴል የእንግዳን አልጋ ሊያነጥፉ ይወጡ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ቢሄድ ይገባዋል። ለቅሶ ደራሽ «እንዴት ሞተ? ስንት ሰዓት ላይ? አንተስ የት ነበርህ?» እያለ ሐዘንተኛን አይመረምርም፤ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ ሐዘንተኛው ራሱ ሲያነሣው ይሰማል። በፍርስራሹ ፊት ቆሞ ልጆቹን ፎቶግራፍ አያነሣም። የት እንደር የሚለውም ጥያቄ እንዲሁ ሰው አለበት፤ የቤት ችግር በጸናባት ደሴት ለነዋሪ ይከራይ የነበረ ቤት ለሳምንት እንግዳ ሲውል የሚወጣ ሰው ይኖራልና።

ከላሃይና ዳርቻ ሆኖ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ሞሎካይን ያያል። ስሟ ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ ቤልጂጋዊው ቅዱስ ዳሚያን እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሊያገለግል የገባባት፣ በ1889ም በዚያው ደዌ የሞተባት ደሴት ናት። ከ1866 እስከ 1969 ድረስ በሕግ ኃይል ወደዚያ የተወሰዱት ሕሙማን ከባል፣ ከሚስት፣ ከልጅ የተለዩ ነበሩ። ቤተሰብ አንድ ላይ ለመሆን በሚሄድበት ባሕር ማዶ ቤተሰብ በአዋጅ ይከፈል የነበረበት ምድር መኖሩን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ዕረፍታቸውን የሚያበላሽ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ፤ ስሸሸው የቆየሁት እርሱ ነውና።

ልጃቸው በስልክ ያቀረበልኝ ስሌት ትክክል ነበር። አምስት ሰው ከሲያትል አዲስ አበባ ለማምጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማዊ ካጠራቀሙት እጅግ ይበልጣል፤ አንድ ሳምንትም ለመንገዱና ለዘመድ ጥየቃ አይበቃም። እርሱ ብቻውን ቢመጣ ደግሞ ልጆቹ ያቺን አንድ የጋራ ሳምንት ያጣሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የእናቱ ቃል ግን ስሌት አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዓመት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሲባሉ የኖሩ እናት ልጃቸው ለአንድ ደሴት ቀን ቆርጦ፣ ቲኬት ይዞ፣ ፈቃድ አስፈቅዶ እንደሚሄድ በሰሙ ጊዜ ያወቁት ነገር ቀን መቁረጥ እንደሚቻል ነው። ያን ዕውቀት ደግሞ ያገኙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። እኔ ቁስሉን እዚህ ላይ አየሁት።

በሁለተኛው ስልካችን እንዲህ አልኩት፦ «ጉዞውን አትሰርዘው። ብትሰርዘው ልጆችህ አያታቸውን ዓሣ ነባሪያቸውን የከለከለች ሴት አድርገው ያውቋታል፤ ገንዘቡም በወሩ ወጪ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል እንጂ ወደ እናትህ አይደርስም። ነገር ግን አንተው ራስህ ደውልና ሁሉንም ንገራቸው፤ ልጅህ የሰማችውን ዜማ፣ የምታወጣውን ገንዘብ፣ የምትሄድበትን ቀን። ከዚያም ለደሴቲቱ ቀን እንደ ቆረጥህ ለእርሳቸውም ቁረጥ።» ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ። በኋላም «አባ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል» አለኝ። እንደሚከብድ አውቃለሁ። መምጣት ማለት ለእርሱ ስንት የሚጠብቅ እጅ፣ ስንት ያልተከፈለ ተስፋ እንደ ሆነ፣ ባዶ እጁን መግባትም እንደሚያፍር ነግሮኝ ነበር። ሰውን ከእናቱ የሚያርቀው የቲኬት ዋጋ ብቻ አይደለም።

ምክሬ ትክክል እንደ ነበረ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ያጫወትኩት አንድ ወንድሜ ካህን «አራተኛው ትእዛዝ ከዓሣ ነባሪ በኋላ ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ሳቁ ግን ሙሉ በሙሉ ሳቅ አልነበረም። እኔም መልስ አላገኘሁለትም።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ሄዶ ተመለሰ። በጀልባ ሊወጡ ባሰቡበት በመጀመሪያው ቀን ነፋስ ስለ በረታ ጉዞው ተሰረዘ፤ ከመንገድ ዳር ቆመው በሩቅ እንደ ጢስ ብልጭ የሚል ትንፋሽ ብቻ አዩ። በሌላው ቀን ጠዋት ተሳክቶላቸው ወጡ። ካፒቴኑ ሞተሩን አብርዶ ሲጠብቅ አንዲት እናት ከነግልገሏ በሩቅ አልፋለች፤ የላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ አንደኛውም ማዕበል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛይቱ ልጅ ጆሮዋን ውሃ ውስጥ ነክራ ዜማውን ሰማሁ ብላለች፤ ታላቅ ወንድሟ አልሰማችም ይላል። ወደ አገር ቤት የሚመጡበትን ቀን ይህን በምጽፍበት ጊዜ ገና አልነገረኝም።

ለእናቱ ግን ከመሄዳቸው በፊት ራሱ ደውሎ ነግሯቸዋል፤ ከደሴቲቱም ሆነው ልጆቹን አገናኝቷቸዋል። ልጅቱ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ያየቻት ዓሣ ነባሪ አራስ እንደ ሆነች ለአያቷ አስረዳቻቸው።

«ታዲያ ምን ትበላለች?» አሉ አያቲቱ።

«ምንም አትበላም።»

«እስከ መቼ?»

«አገሯ እስክትገባ።»

እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ አገሯ ሩቅ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ልጅቱም ቁጥሩን ነገረቻቸው።